ዘጠኝና ሃያ ሰባት

ኅዳር ነው። የቲሳ ወንዝ ጉም የሴገድን መንገድ ውጦታል፤
ሦስተኛው ፎቅ ላይ አንድ መብራት ብቻ ቀርቶታል።
ጆንጂ የወተት ዱቄት በጨው ውኃ ትበጠብጣለች፤
«ለሰው አይደለም፣ ለወረቀት ነው» ብላ ትስቃለች።
የወረቀቱ ባዶ ቦታ በወተት ጠግቦ ካልተዘጋ፣
ፀረ እንግዳ አካሉ ይጣበቃል ከማንም ጋ።

ብልቃጧ ከጥፍሬ አትበልጥም። ጽሑፏ ደብዝዟል፤
«ጥንቸል አርባ አንድ፣ ሂስቶን ሦስት፣ ዘጠኝ» ይላል።
ጥንቸሏ ከሞተች አሥራ ዘጠኝ ዓመት አለፈ፤
ከደሟ የተጣራው ጠብታ ግን በረዶ ውስጥ ተረፈ።
ስድስት የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የጆንጂም ግማሽ ዕድሜ፣
የቆመው በእሷ ቃል ነው፤ ሰምቻለሁ አስቀድሜ።

ስለ ሂስቶን የማውቀው ይህን ያህል ነው፦
ዓይን የማያየው ጓዳ ውስጥ ሁለት ሜትር ክር አለ፤
እንዳይወሳሰብ በቀሰም፣ በቀሰም ላይ ተጠቀለለ፤
ቀሰሙ ሂስቶን ነው፤ ጅራት አለው ከጥቅሉ የወጣ፤
ጅራቱ ላይ ምልክት ሲያርፍ ለዚያ ክር ዝምታ መጣ።
ዝምታው ግን ሁለት ዓይነት ነው።
የዘጠኙ፣ ቁልፉ የተጣለ በር፤
የሃያ ሰባቱ፣ ቀኑን የሚጠብቅ፣ ሊናገር።

እኔ ባርናባሽ፣ ገና የሁለት ዓመት ተማሪ፣
አፌ ቀደመኝ እንጂ አልነበርኩም መርማሪ፤
«ሁለቱን ለይታ ታውቃለች?» አልኩ።
ጆንጂ ትከሻዋን ነቀነቀች፤
«ሞክራት» አለች።

በሰው እጅ የተሠሩ የጅራት ቁራጮች አመጣሁ፤
ዘጠኝን በግራ፣ ሃያ ሰባትን በቀኝ አንጠባጠብሁ።
ወተት። ጥንቸሏ። ሦስት እጥበት። ቀጥሎ ጥንቸልን የሚያውቅ
የፍየል ፀረ እንግዳ አካል፣ ጀርባው ላይ ብርሃን የሚያፈልቅ።
ጨለማው ክፍል ገባን። ፊልሙ ላይ አንድ ነጥብ ጠበቅን።
ሁለት ወጡ።
እኩል ጥቁር። እኩል ድቡልቡል።

ለካ ጎረቤቶቻቸው አንድ ናቸው፤ በዚህ አላኒን፣ አርጊኒን፣
ከወዲያ ደጃፍ ሴሪን፤
መልእክተኛዋ መንደሩን እንጂ ቤቱን አታውቅም፤
ሁለቱንም ደጅ መታች፤ አልዋሸችም፣ አልለየችም።

ጆንጂ ፊልሙን ወደ መብራት አነሣችው፤ ውኃው ይንጠባጠባል፤
ጓንቷን አወለቀች። የማቀዝቀዣው ሞተር ብቻ ያጉረመርማል።
ካፖርቷን ለብሳ ወጣች፣ አንድ ቃል ሳትተነፍስ።
እኔ ቀረሁ፣ ኮቴዋን በደረጃው እየሰማሁ፦
የትኛው ዝምታ ነው ይህ? ዘጠኝ ነው ወይስ ሃያ ሰባት?

በማግስቱ ከትራሙ ወርጄ ስገባ፣ ገና በጠዋት፣
አሥራ ዘጠኝ መዝገቦች ጠረጴዛው ላይ ተዘርግተዋል፤
በየኅዳጉ የእርሳስ የጥያቄ ምልክት ተጥሏል።
ቀና ሳትል፣
«ወተት አልቋል» አለችኝ፤ «ሁለት እሽግ ግዛ።»