ዘጠኝ ተኝቷል

ኪሴ ባዶ ቢሆን መዋያ አናጣም፤
ከግሮሰሪው ደጃፍ ቆርኪ ዋጋ አያስወጣም።
መጫወቻ መደብሩን በሩቅ ተሳልመን፣
ሠላሳ ቆርኪ ይዘን ተመለስን ለቅመን።

ቀይ ወዲህ፣ ቢጫ ወዲያ፤ ስምንት ላይ ስትደርስ፣
ማራናታ «አሥር!» አለች፣ ዘጠኝ ሳይቀመስ።
«ዘጠኝስ?» ብላት፣ «እሱማ ተኝቷል፤
እንደ እማዬ ሌሊት ሲሠራ አድሯል።»

ሌሊቱን ሰፍታ አድራ ኮሌታ ለባዳ፣
እናቷ ማለዳ ከሰርቪስ ላይ ወርዳ፣
ከመጋረጃው ወዲያ እንቅልፍ ጥሏታል፤
ቆርኪው ከተንኳኳ ማን ያስተኛታል?

ድምፅ የሌለው ትምህርት ከየት ላምጣ ብዬ፣
ሲሚንቶው ላይ ወጣን፣ ውሃ ሞልቶ ጣሳዬ።
ጣቷን ነከረችው፤ «ምን ልጻፍ?» አለችኝ።
አሞራ ገደል ያየናት ዓሣ ታወሰችኝ፤
ዳንጊሶ ቅዳሜ ከመረብ ያወጣት፣
እሷ «ልቀቃት!» ብላ ያለቀሰችላት።

«ዓሣ በይ፤ ይኸውልሽ፣ ዓይኑ ዐ ይመጣል፤
ክብ ነው፣ እንደ ቆርኪ፣ ከሥሩ እግር ያወጣል።
ንጉሡ ሠ ቀጥሎ...» «ዓሣ ንጉሥ አላት?»
«አላት» አልኳት፤ ምን ልበል? ዘውድም ሣልኩላት።

ፀሐዩ ጠና ሲል፣ መጀመሪያ እግሩ፣
ከዚያ ዘውዱ ጠፋ፣ ደረቀ ክብ ዳሩ።
«አባ ኮዳ በላት?» ከንፈሯ ሲጣመም፣
«ወደ ሰማይ ሄደች፣ ማንም አልበላትም።»

እኔስ ረስቼው ነበር፤ ወደ ዘጠኝ ሰዓት፣
ሐዋሳ ላይ ሰማይ ሲፈርስ በድንገት፣
ጣሳዋን ጨብጣ ዝናቡ ላይ ቆማ፣
«ዓሣዬ ወረደች! ተነሺ እንጂ፣ እማ!»

እናቷ ከነእንቅልፏ ወጥታ «ስንት?» ስትላት፣
«ዘጠኝ!» ብላ ጣሳዋን ዘረጋችላት።