በአጥር ላይ የመጣ ዱባ

ሰባት መኸር ሆነን፣ እኔና ወንድሜ፣
እሱ ከአጥሩ ወዲያ፣ እኔ ከወዲህ ቆሜ፣
ጎመን ስንኮተኩት ድንገት ብንተያይ
አንገታችን ዞሮ
ወይ ወደ ሙራ ወንዝ፣ ወይ ወደ ሰማይ።

ምክንያቱን ላልሰማ፦
አባታችን ሲሞት ርስቱ ተካፍሎ
የወይን መጭመቂያው ቀረ ተንጠልጥሎ፤
ብረት እንደ ዳቦ አይቆረስ ነገር፣
ሎይዜ ብሎኑን፣ እኔ በርሜሉን ይዘን
ዳኛ ፊት ስንዳክር፣
መጣና ዝገቱ፣ ሦስተኛው ወራሽ፣
ጠቅልሎ ወሰደው
ያለ ከሳሽ፣ ያለ ተከሳሽ።

ዘንድሮ ግን በጋው በዝናብ ሰንብቶ
የሎይዜ ዱባ ሐረጉን ዘርግቶ
አጥሩን ተሻገረ።
ነሐሴ ላይ ገና አንድ ቅጠል ነበረ፤
በጥቅምት ማለዳ
ከባሮ ሽንኩርቴ መሃል፣ እንዳልተጠራ እንግዳ፣
ተዘርፍጦ አገኘሁት፦
ሆደ ሰፊ፣ ቀይ ዳማ፣ ምንም የማይከብደው።
ሥሩ ከእሱ አፈር፣ ፍሬው ከእኔ መሬት፤
ይህን የሚፈርድ የት አለ ዳኝነት?
ዱባና ቅል፣ እሺ፣ አበቃቀሉ ለየቅል፤
ዱባና ዱባስ?
ከአንድ ሐረግ የወጣን እሱና እኔስ ምን እንበል?

ሦስት ቀን አለፍኩት፣ እንዳላየ ሆኜ።
በአራተኛው ሌሊት ውርጭ ወረደ።
"ቢያድር ይበሰብሳል" አልኩ፣ ሰበብ አግኝቼ፤
እንደ ሕፃን ልጅ በሽርጤ አቅፌው ገባሁ፣ ግራ ቀኝ አይቼ።

ሾርባ እንግዲህ ለእኔ ካፈር የወጣ ነው።
በወረቀት ታሽጎ ከሱቅ የሚመጣው፣
ያ ፎቶው ላይ ዶሮ የቆመበት ዱቄት፣
ዶሮ በሕልሟ እንኳን አላየችው፤ አይገባም እዚህ ቤት።
ካሮቱን ከነጭቃው ነቅዬ አጠብኩት፣ ግን አልላጥኩትም።
ቦሎቄው ሌሊቱን ውሃ ሲጠጣ አድሮ አብጧል።
አንድ እፍኝ ገብስ፤
ባሮው ነጩ ከነአረንጓዴው፤
ነጭ ሽንኩርት፣ ራሱ እንዳለ፣ ሳይፈለቀቅ፤
በክር ሰክቼ ያደረቅኩት እንጉዳይም አለ፤
ሲርስ ጫካው ሁሉ ኩሽናዬ ገባና ተንጠለጠለ።

ዱባውን ስሰነጥቅ ቢላዋዬ ተያዘ፤
ጉልበቴን ጣልኩበት፤ ጧ! አለና ተላቀቀ።
ፍሬውን በጣቴ ዛቅኩት፣
አወቅኩት።
አረንጓዴ፣ ጠፍጣፋ፣ ቅርፊት የሌለው፣
እናታችን በአሮጌ ካልሲ ቋጥራ
ከምድጃው በላይ የምትሰቅለው።
ጠፍቷል ብዬ ነበር፣ ከእሷ ጋር ተቀብሯል።
ለካ እኔ ለብረት ስሟገት፣
እሱ ዘሩን ይዟል።

ቁጭ አልኩ ትንሽ።
ከዚያ ልጣጩን ከነሥጋው ከተትኩት ድስቱ ውስጥ።
የዱባ ልጣጭ ሲበስል ይላላል።
ሰው ግን፣ እንጃ።
እሳቱን ዝቅ አድርጌ ሁለት ሰዓት ሙሉ
ቡልቅ፣ ቡልቅ ሲል ሰማሁት፣ የሚለኝ ያለው ይመስል።

ሲመሽ አንድ ሳህን ሞላሁ፣ ከደንኩ፣
የአጥሩ ቋሚ ላይ አኖርኩት። ምንም አልጻፍኩም።
መጋረጃው ንቅንቅ አለ መሰለኝ፤
ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነው፣
እንደ ሌባ ልጅ ሮጬ ገባሁ።

ጠዋት ሳህኑ እዚያው ነው፤ ታጥቦ፣ ተደፍቶ።
ከሥሩ የመብራት ሂሳብ ወረቀት፣ በጀርባው
ያ ጠማማ ጽሕፈት፣
የሰባት ዓመት የመጀመሪያ ቃሉ፦
"ዝላትካ፣ ጨው ይጎድለዋል።"

ተናደድኩ! አመሰግናለሁ አይባልም?
ዱባው ጣፈጠኝ፣ እጅሽ ይባረክ አይባልም?
እርሳስ ፈልጌ ከሥሩ ጫር አደረግኩ፦
"ግፊትህ ከፍ ማለቱን ፋርማሲስቷ ነግራኛለች።"
ድስቱ ውስጥ ገና ግማሽ አለ።
ያደረ ሾርባ ሲሞቅ ይብሳል ጣዕሙ።
የጨው ዕቃዬን አነሳሁ፤
ጨው ሆይ፣ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አልኩትና
በሁለት ጣቴ ቆንጥሬ ጨመርኩ።
ቁንጥር ብቻ።
ከዚያ በላይ አላደርግለትም።