ቦታ

ማንግስታው ላይ ነፋስ በረዶን አያሳርፍም፣
ያባርረዋል እንጂ መሬት አያስነካም።

ኡልቦሲን ቆማለች ከሸምበቆው አጥር
በሰባ ዓመት ዓይኗ ጭራ ስታማትር።
ወንዱ አረፋ ደፍቆ፣ ጥርሱን እያፋጨ፣
ባጥሩ ማዶ ሲያልፍ አመዳይ እየረጨ፣
የሴቷ ጭራ ግን ሽቅብ ተቀሰረ፤
«ሂድ» አለው በቋንቋው፣ «ቤቴ እንግዳ አደረ።»

«አየሽው፣ ታልሺን? ይዛለች» ስትላት
ሐኪሟ ጓንቷን በጥርሷ ስባ ጠየቀቻት፦
«ጭራ ማስረጃ ነው?»
          «ነው። ግን ይዋሻል፤
አምና እንዲሁ ቆሞ ባሥር ቀኑ ወድቋል።
ቁጥር ነው የምሻው።»

ላም ቀጠሮ አላት፣ በግም የራሷ ወር፤
ግመል ግን ዘሯን ይዛ ነው የምታድር፤
ወንድ ሳይነካት ዕንቁላል አትለቅም፣
እንግዳ ሳይመጣ በሯን አትከፍትም።
ማህፀኗ ሁለት ክንፍ፣ አንድ ግራ አንድ ቀኝ፤
ፍሬው ካንዱም ካንዱም እኩል ቢገኝ፣
መኝታው አንድ ነው። ለምን? ቢሉ ማን አወቀው፤
ፅንሱም ግራ ገባ፣ ሐኪሙም ግራ ገባው።

መርፌው ካንገቷ ሥር ገባ። ደሙ መጣ፣
ብርድ እንዳየ ሰው በእንፋሎት ወጣ።
ቀይ ሕዋሷ ክብ አይደለም፣ ሞላላ ነው፣
ጥም ደሟን ሲያወፍር ሾልኮ የሚያልፈው።
ስኳር አለ እዚያ፣ ጨው አለ፣ ብረትም፤
ከሁሉም መሀል ግን አንድ የማይተኛ፣
ፅንሱ እንዳይወጣ በር የቆመ ዘበኛ፦
ፕሮጄስትሮን። እሱ ነው ጭራ የሚያስነሳ።

የመጀመሪያው ብልቃጥ ከተማ ሳይገባ
ውርጭ ሰነጠቀው። መልሱ ዘግይቶ መጣ፦
«ደሙ ፈርሷል፤ አይነበብም።»

ኡልቦሲን አልተቆጣችም።
የፈረሰ ደም ታውቃለች።
ሦስቴ ይዛ፣ ሦስቴ ሲያስወርዳት
ብልቃጥ ይዞ ደሟን ማንም አልቀዳላት፤
ምንጣፉን አጠቡት፣ ምንጣፉም ደረቀ፣
ምንጣፉ ሲደርቅ ወሬውም አለቀ።
ያገሯ ሰው የግመል ግልገል «ቦታ» ነው የሚለው፣
ሕፃንም ሲያባብል «ቦታም» ነው የሚለው፤
እሷ ቤት ግን፣ ጓዳው ሁሉ ባዶ ሳለ፣
ስንት ክረምት አለፈ ቦታ እንደሌለ።

ሁለተኛውን ብልቃጥ ለማንም አልሰጠች።
ጡቶቿ መሀል ሸጉጣ፣ አውቶቡስ ተሳፍራ፣
ስድስት ሰዓት ሙሉ በግራ እጇ ደግፋ
ወሰደችው።
          «ስም?» አላት ልጁ፣ ቀና ሳይል።
«ኡልቦሲን።»
          «ወንድ ይሁን» ማለት ነው በቋንቋዋ።
አምስት ሴት የወለደ አባቷ
ለስድስተኛዋ ያወጣላት ስለት።
ወንዱም አልመጣ፤ ስሙ ብቻ ቀረላት።
ልጁ ግን የግመሏን አልጠየቃት።

በሳምንቱ ማኅተም ያለው ወረቀት ደረሰ፦
ስም፦ ኡልቦሲን።
ውጤት፦ እርጉዝ።

ታልሺን አንብባ «ስሕተት ነው፣ ላስተካክለው» ስትል
አሮጊቷ ነጠቀቻት።
ሳቀች፣ ቀበቶዋ እስኪፈታ ሳቀች፣
ከዚያ ዝም አለች፣
ወረቀቱን ለአራት አጥፋ ብብቷ ከተተች።
ውጪ ግመሊቱ ታመሰኳለች፣ ጭራዋ እንደቆመ።

ያን ሌሊት ኡልቦሲን
በግራ ጎኗ ተኛች።