ሦስት ሌሊት

ደንቡ በሰሌዳ፣ በሦስት ቋንቋ ተጽፎ፣
ከጌንሴሬጥ ዳር፣ ከባሕር ዛፍ ተደግፎ፣
«ከሦስት ሌሊት በላይ መቆም ክልክል ነው» ይላል፤
በስተግርጌው ደግሞ ቅጣቱ ተዘርዝሯል።

እኔ የሌሊቱ ሰው፣ ባለ ባትሪ፣ ባለ ደብተር፣
በየዛፉ ሥር ያደረ ታርጋ ስቆጥር፣
ቁጥር ሰባት ላይ ግን፣ ከውሃው ቧንቧ አጠገብ፣
አንዲት ነጭ ካራቫን አለች፤ በምን ትመዝገብ?
ጎማዋ ድንጋይ ተደግፎ፣ በሥሩ ናና በቅሎ፣
የልብስ ማስጫ ገመዷ ከዛፍ ዛፍ ተንጠልጥሎ።
ናና በሦስት ሌሊት አይበቅልም መቼም፤
ባለቤቷ ፍሩማም ይህን አትክድም።

ሰባ ሁለት ዓመቷ። ባሏ ከሞተ ወዲህ
ቤቷን ለልጅ ለቃ፣ ኑሮዋ ሆነ እንዲህ።
ደንቡን ታከብራለች፤ ማን አከበረው እንደሷ!
በአራተኛው ንጋት ይታጠፋል ዳሷ፤
ሞተሩ አስሎ አስሎ፣ ጭሱን ተፍቶ ይነሣል፤
እሷ ትወጣለች፣ በሩ ከኋላዋ ይዘጋል።
እስከ ማደያው ደርሳ፣ ዳቦና ወተት ገዝታ፣
ሩብ ሰዓት ሳይሞላ፣ ከች! ጡሩምባ ነፍታ።
«ደንቡ ውጡ ይላል እንጂ አትመለሱ አይልም፤
አንብበው ልጄ፣ በሦስቱም ቋንቋ የለም።»

እውነቷን ነው። የለም።

አለቃዬ ግን ትናንት ደውሎ፣ «ቅጣት ጻፍባት፤
ካራቫን ማደሪያ እንጂ መኖሪያ አይደለም በላት።»

መኖሪያ አይደለም።
እስክሪብቶዬ ቆመ።

የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። እናቴ ትርንጎ፣ አባቴ፣ አራት እኅቶች፣
ዳገት ላይ፣ በአንዱ ካራቫን፣ ከተደረደሩት ቆርቆሮዎች።
«ለስድስት ወር ብቻ» አሉን። በጣቴ ቆጠርኩ ወሩን፤
ጣቴ ሲያልቅ አበደሩኝ እኅቶቼ የየራሳቸውን።
በክረምት ጣራው ያፈሳል፣ በበጋ ግድግዳው ይፋጃል፤
እናቴ ደጅ ጤና አዳም ተከለች፤ «ልንሄድ እኮ ነው» ብሎ አባቴ ይስቃል።
አራት ዓመት ሙሉ፣ በሌሊት፣ ባትሪ ይዞ የመጣ፣
«ቀናችሁ አልፏል፣ ልቀቁ» የሚለን ሰው ታጣ።
ቢቀጡን ደስ ባለን። የሚቀጣ ሰው ተቆጥሯል።
የኛን ቀን ጤና አዳሙ ብቻውን ይዞ ረዝሟል።

ባትሪዬን አጠፋሁ።
ሐይቁ በጨለማ ጠጠሩን ይልሳል፤
ከካራቫኗ ውስጥ ሬዲዮ ዝቅ ብሎ ያወራል።
ጎንበስ አልኩና የናናውን ቅርንጫፍ ከጎማው ፈቀቅ አደረግሁ፣
ነገ ስትነሣ እንዳትድጠው። ከዚያ ደብተሬን ገለጥሁ።

ቁጥር ሰባት። ካራቫን፣ ነጭ።
ሌሊት፦ ሦስት።

ነገ፣ አንድ።