ሁለት ደቂቃ

እኔ የሰው ትንፋሽ ጠባቂ ነኝ፣ ማደንዘዣ ሰጭ፣
ሐኪሙ ሲቀድ ሲሰፋ፣ ከራስጌ ተቀማጭ።
የገባውን የወጣውን በጆሮዬ ስቆጥር
ሳምንቱ ያልፍና፣ ቅዳሜ ማለዳ አዘዞ ሠፈር
ከቆርቆሮ አጥር ሥር፣ በሸራ ተጠቅልላ
ሌላ በሽተኛ አለችኝ፣ ደመወዜን ቆርጥማ የምትበላ።

ሴሊካ ናት። ቀይ ነበረች፤ አሁን ፀሐይ የመታው በርበሬ።
አንዱ ለሠርጉ ገዛት፣ አንዱ ለዕዳው ሸጣት፣
ሦስተኛው ዶሮ አሳደረባት።
ዶሮዎቹን አስወጣሁ፤ ላባው ግን እስከ ዛሬ
ፍሬን በረገጥሁ ቁጥር ከወንበር ሥር ብን ይላል።

መብራቷ ክዳን አለው፤ ሲበራ ብድግ የሚል ዐይን፤
ቀኙ ይነቃል፤ ግራው ይተኛል፣ አይሰማም ልመናዬን።
ፒያሳ ስናልፍ፣ የጠቀሰቻቸው መስሏቸው
ልጆች መልሰው ይጠቅሷታል፤ እሷም አታሳፍራቸው።
ጎረቤት ይመክረኛል፦ "በዚህ ብር ሁለት ባጃጅ ይሠራልህ ነበር።"
ልክ ነው። ባጃጅ ግን ቱርቦ የለውም።

የጎንደር አየር ስስ ነው፤ ሚኒባሱ ዳገት ሲወጣ
እንደ አስም በሽተኛ ያለከልካል፣ ትንፋሽ ፍለጋ ሲንጣጣ።
እሷ ግን የገዛ ጭሷን እንዲያው አትጥለውም፤
በጭሱ መዘውር ታዞራለች፤ መዘውሩ አየር ይስባል፣
በወጣው ትንፋሽ ጉልበት የሚገባው ይታጨቃል።
ስንት ዓመት ከትንፋሽ ጋር ስኖር፣ እንዲህ ያለ አላየሁም።

ታዲያ ዘንድሮ፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ሰማያዊ ማጨስ ጀመረች።
ዘይት ትጠጣለች።
ቱርቦውን ፈታሁት፤ መዳፌ ላይ፣ የብረት ቀንድ አውጣ፤
ሆዱ ውስጥ ዘንግ፣ ዘንጉን ያቀፈ ቡሽ፤ ቡሹ ተበልቷል።
ሶማሌ ተራ ደወልሁ፤ ሰውዬው ሞዴሏን ሰምቶ ሳቀ።
ዱባይ ደወልሁ፤ ዋጋውን ሰምቼ እኔ ሳቅሁ።

አያ ምኒችል ግን አልሳቀም። ጓሮው ውስጥ ቶርኖ አለው፤
ስሙ ጥያቄ ነው፣ መልሱ ጣቱ ላይ ነው።
"ነሐስ አምጣ" አለኝ፤ "የድሮ ይሁን፤ ዛሬ የሚሸጠው ዱቄት ነው።"

ቤት ገባሁ። መደርደሪያው ላይ የእናንዬ ሙቀጫ፣
ከደባርቅ አክስቷ የወረሰችው፣ የኮረሪማ መውቀጫ፣
በነካችው ቁጥር ደወል ደወል የሚል።
አየሁት። አየኝ።
ሰረቅሁ አልልም፤ ወሰድሁ እንበል።

ምኒችል ሦስት ቀን ላጨው። ቢጫ ጠጉር ወለሉን ሞላው።
"ዘይት የሚያልፍባት ክፍተት ትኑር፣ ከፀጉር የቀጠነች፤
ከጠበቀ ይናከሳል፣ ከላላ ይጮኻል፤
እንደ ባልና ሚስት" አለኝ።
ሙቀጫውን አስቤ ዝም አልሁ።

እሑድ ሲመሽ ገጠምሁት። ጓርኒሲዮኑን ከካርቶን ቀደድሁ፣
ቱቦውን ከሥራ በተረፈ ፕላስተር እንደ ክንድ ጠመጠምሁ።
ፈንታው፣ የጎረቤት ልጅ፣ ባትሪ ይዞልኛል፤
እንቅልፉ ሲመጣ ብርሃኑ ከሞተሩ ወደ ሰማይ ይሸሻል።
አንዲት ዳዶ ወደቀች፤ ሣር ውስጥ በጉልበቴ ዳህሁ።
ቀና ስል እናንዬ ቆማለች።
"ሙቀጫዬስ?"
"ግቢ" አልኋት፣ በሩን ከፍቼ።

የጎሐን ዳገት በሦስተኛ ማርሽ፤ መጠምዘዣው ላይ ነዳጅ ሰጠሁ፤
ከኮፈኑ ሥር ቀጭን ፉጨት ተነሣ፣ ወጣ፣ ወጣ፤
እሷ ጆሮዋን ጣል አድርጋ ቆየች፤ ከዚያ ፊቷን አዙራ
"ይሄ የኔ ነሐስ ነው" አለች። አልተቆጣች። አልሳቀችም።

አናቱ ላይ ቆምን። ቁልፉን ልታጠፋ እጇን ስትሰድ ያዝሁት።
"ከዳገት የመጣ ቶሎ አይጠፋም፤ የጋለው ዘይት ያራል፤
ሁለት ደቂቃ በቀስታ ይተንፍስ።
በሽተኞቼንም እንዲሁ ነው የማነቃቸው።"

ተቀመጥን። ከታች ግማሹ ከተማ መብራት ጠፍቶበታል፤
ጎንደርም እንደ መኪናዬ፣ አንድ ዐይኗ ተኝቷል።
እጇን አልወሰደችም።
ሁለቱ ደቂቃ አለቀ፤ ሦስት ሆነ፤ አጠፋሁት።
ብረቱ እየቀዘቀዘ ጠቅ... ጠቅ... ይላል።

"ነገ" አለች፣ መስኮቱን እያወረደች፣
"ኮረሪማውን በምን ልወቅጠው ነው?"