ቅዳሜ እሳት የማይነድበት ቤት

«የጅብ ታሪክ ንገረን» ይሉኛል ልጆቹ፣
መብራት በጠፋ ማታ፣ ፒያሳ፣ ፎቁ ላይ።
እሺ።
ጅቡ ግን ከዱር አይመጣም።

አንጓች ታመመች። ሰባት ዓመቷ ነበር፣ የእኔም ሰባት።
በቆመችበት በሳቅ ወደቀች፤
ሳቁ የሷ አልነበረም፣
ከጉድጓድ የሚወጣ፣ የወፍራም ሰው ሳቅ።
«በልቷታል» አሉ። ማን እንደሆነ ማንም አልጠየቀ፣
መልሱ ከጥያቄው ቀድሞ ደርሶ ነበር፦
ጀምበሬ። የወለቃው ቀጥቃጭ።
ቀን ብረት የሚያቀልጥ፣ ሌት ጅብ የሚሆን፣
ማጭዳችንን የሚስል፣ ማረሻችንን የሚያበጅ፣
እጁን ግን የማንጨብጠው።

«ቅዳሜ ገበያ ዓይኑን ጣለባት» አለች እትዬ ቀጸላ።

ቅዳሜ።
ልብ በሉ፣ እመለስበታለሁ።

የጎማ ጭስ አመጡ፣ ጤና አዳም አሸተቷት።
ቀኛዝማች ጓንጉል ከዘራቸውን ተክለው
እንደ ዳኛ ተቀመጡ።
«ማነህ? ተናገር! ከየት ያዝካት? በምን ትለቃለህ?»

ዓይኗን ገለጠች። ድምፁ መጣ፣
የኖራ አቧራ ከዋጠ ጉሮሮ፦

«እኔ ነኝ ግንባችሁ፣ እኔ ነኝ ማማችሁ፣
እንግዳ ሲመጣ የምኮራላችሁ።
ኖራዬን ያቦካ፣ ቅስቴን ያሰመረ፣
ርስት የለህ ተብሎ ማዶ ላይ ሰፈረ።
እጁን በላሁበት፣ ስሙን በላሁበት፣
እናንተም የጅብ ለምድ ሰፍታችሁ ጣላችሁበት።»

ቤቱ ፀጥ አለ።
ከዚያ አንድ ሰው «ይዋሻል!» አለ። ጭሱን ጨመሩ።
የሚፈልጉት ስም እስኪወጣ ጨመሩ።
ወጣ።

አሁን ወደ ቅዳሜ።
ቅዳሜ የጀምበሬ ወናፍ አይተነፍስም።
ገበያ ቀርቶ ወንዝ አይወርድም።
ሰፈሩ ያውቃል። ቀኛዝማችም ያውቃሉ፣
ማጭድ ይዘው ሄደው ስንቴ ተመልሰዋል።
እኔም አውቃለሁ፤
አባቴ የደነዘ ቢላ አስይዞ ልኮኝ
«ነገ ና፣ ልጄ» ብሎኛል፣ ያንኑ ቅዳሜ፣ ገበያው በሞቀ ሰዓት፣
በነጭ ልብሱ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ።

አፌን ከፈትኩ።
ጭሱ ገባ።
ዘጋሁት።

ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ
ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል።
እኛ የሄድነው ግን የሚያውቁን ዘንድ ነው፣
ችቦ ይዘን፣ ጋቢ ተከናንበን፣ ቁልቁል ወደ ወለቃ፣
እየሳቅን።
እኔ አባቴ ትከሻ ላይ ነበርኩ።
ጨረቃ ነበረች። ከላይ ሆኜ ጥላችንን አየሁ፦
ፊቱ የገዘፈ፣ ኋላው ዝቅ ያለ፣
ብዙ።

አንጓች ዳነች። የልጅ ልጅ አይታለች።
ስለዚያ ማታ አላስታውስም ትላለች።
የጀምበሬ ቤት የነበረበት ባሕር ዛፍ በቅሎበታል።

«እና ጅቡስ? ምን ሆነ?»

መብራቱ መጣ። ተነሥቼ ዳቦ ቆረስኩላቸው
በዚያው ቢላ፤
እሑድ ሄጄ የተሳለልኝ፣
ዋጋውን ማክሰኞ አመጣለሁ ያልኩበት።
የወረድነው ሰኞ ሌሊት ነበር።

ዛሬም ይቆርጣል።