ሁለት ቋጠሮ ለክላክሱ

ጥቅምት ላይ ጀልባዋን ከሳይማ ሐይቅ ጎትተን፣
በሁለት ጥድ መሐል ሸራ አልብሰን ትተን፣
አባቴ ዳሽቦርዱን በካቻቢቴ ነቀለ፤
አሸተተውና፣ «ይኸው፣ እንጉዳይ አበቀለ፣
ለሾርባ ይሆነናል» አለ።

ኦይቫ ነው ስሙ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ የነዳ፣
ሌሊት ተነሥቶ፣ በበረዶ ሜዳ፣
ተማሪ የሚያደርስ፣ ሰዓት የማይስት።
ዘንድሮ ከዐይኑ መሐል ጭጋግ ገባበት፤
የዓለም ዳር ዳሩ ብቻ ነው የቀረለት።
ፊቴን ለማየት ሲሻ ጆሮዬ ላይ ያፈጣል፤
«ጆሮሽ አምሮበታል» ይለኛል፣ ይስቃል።

እኔ ከወረቀት ፋብሪካው ማታ ማታ ስመለስ፣
እሱ መጋዝ ይዞ ይጠብቀኛል፣ ወጡ እስኪቀዘቅዝ ድረስ።
የበረዶውን ወራት ሙሉ ወጥ ቤት ተቀመጥን፤
ጋዜጣ ዘርግተን የድሮውን ቅርጽ በእርሳስ ገለበጥን፤
ኮምፔርሳቶ ቆረጥን፤
አምስት ቀዳዳ በሳን፣ አራቱን በድሪል፣ አንዱን በንዴት፤
ቨርኒሽ ቀባን፣ ጠበቅን፣ ደገምን፣ ሸተተ ቤት፤
ድመታችን ዓሣዋን ትታ ሸሸች ጎረቤት።

ቀጥሎ ሽቦ መጣ፣ እንደ አንጀት የተዘረገፈ፤
ቀይ፣ ጥቁር፣ ቡናማ፣ ልባሱ የተገፈፈ።
ለእኔ ቀለም ነበር። ለእሱ ግን ሁሉም አመድ።
መረብ የሚጠግንበትን አመጣ፣ ሰም የጠጣ ቀጭን ገመድ፤
«ቀለም ይለቃል፤
ቋጠሮ በጣት ይታወቃል።»

ሰው ለመንገዱ ስንቅ፣ ለባላንጣው ቂም ይቋጥራል፤
የእኔ አባት ሽቦ ቋጥሮ፣ ዐይኑን ጨፍኖ ይቆጥራል፦
አንድ ለመብራቱ፣
ሁለት ለክላክሱ፣
ሦስት ለፓምፑ፣ ሲጠጣ ውሎ ለሚተፋው ለእሱ።

የማብሪያዎቹም እጀታ አንድ ዓይነት አልሆነም፣ ሆን ብሎ፤
አንዱን ከመሳቢያ ፈትቶ፣ አንዱን ከሬዲዮ ነቅሎ፤
ለመብራቱ ግን፣ እናቴ
ከጥርስ ሐኪሙ ጋር ወደ ቱርኩ ስትሄድ የረሳችውን፣
የካፖርት አዝራር ገጠመ፣ ባለ አራት ቀዳዳውን።
ምንም አልጠየቅኩም። ሙጫው እስኪደርቅ ያዝኩለት።

ነዳጅ ጌጁ ውሸታም ነው፤ ሞልቶም፣ ባዶ ሆኖም፣
«ግማሽ» ነው የሚለው፤ ሌላ ቃል አያውቅም።
«አዲስ ልግዛ?» ብለው፣ «ተዪው፣ ይቀመጥ፤
የዚህን ውሸት ለምጃለሁ፤ ከአዲስ ጋር ማን ይለማመጥ?»

የካቲት ላይ፣ አንድ ማታ፣ የዐይን ሐኪሟ ደወለች።
አዳመጠ። «እሺ» አለ። ስልኳም ተዘጋች።
ከዚያ፣ «ማብሪያዎቹን ትንሽ እናቀራርባቸው፣
እጄ ከመሪው ሳይርቅ እንዲደርስባቸው።»
የደረቀውን ቨርኒሽ ፋቅን፣ እንደገና በሳን።
ያን ሌሊት ሁለታችንም እራት ረሳን።

ግንቦት ገባ፤ በረዶው ቀለጠ፣ ሐይቁ ተከፈተ።
ጣቱ ቦርዱ ላይ እንደ ጉንዳን ሄደ፣ ቆመ፣ አመነታ፣ ዘለቀ፤
አዝራሩን አገኘ፣ ተጫነ፤ መብራቱን ጠበቀ፤
ክላክሱ አናፋ!
ዳክዬው ሁሉ ተነሣ፤ ጎረቤታችን ኤንሲዮ ባልዲውን ደፋ።

አጎንብሼ አየሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤
ቀዩን ከቀይ አገናኝቼ፣ ዐይኔን አምኜው፣
ቋጠሮ አልቆጠርኩም።
አባቴ ቆቡ እስኪወድቅ ሳቀ። ፒንሳ ሳነሣ፣
«ስንመለስ» አለኝ፣ «አሁን ዓሣ።»

ከደሴቱ ማዶ ሞተሩ ሳለ፣ ሳለ፣ ጸጥ አለ።
ጌጁ «ግማሽ» አለ።
መቅዘፊያው ቤት ቀርቷል።
አባቴ የእናቴን አዝራር ሦስት ጊዜ ተጫነ፣ ረዘም አድርጎ፤
ኤንሲዮ ደረሰ፣ ገመድ በትከሻው አድርጎ።
«ጭጋግ አለ እንዴ?» ብሎ ጠየቀ፣ ሰማዩ ጠርቶ እየታየ፤
«ለአንዳችን» አለ አባቴ፣ የኤንሲዮን ጆሮ እያየ።